የአውቶቡሱን ሰዓት የሚቆርጠው ማን ይሁን?



ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የእኛን ቤት የሚመለከት አይመስልም። በእስራኤል አገር የመጓጓዣውን ሥልጣን መያዝ ያለበት ማን ነው? ኢየሩሳሌም የተቀመጠው ሚኒስትር ነው? የከተማው ከንቲባ ነው? ወይስ ሌላ አካል? ጥያቄው የፖለቲከኞች ብቻ ይመስላል። እኔ ግን በሐዴራ ከተማ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ (ኦቬዴት ሶሲያሊት) ሆኜ ስሠራ ይኸው ጥያቄ ዘወትር ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። የሚመጣው ግን ስሙን ለውጦ ነው። አንዳንድ ጊዜ «ሥራ አጥነት» ተብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ «የሐኪም ቀጠሮ አያከብሩም» ተብሎ፣ አንዳንድ ጊዜም «ልጁ ከትምህርት ቤት ያረፍዳል» ተብሎ ይመጣል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከአንዲት እናት ታሪክ ልጀምር።

እኒህ እናት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። ከከተማው ውጭ በሚገኝ አንድ የፋብሪካ ሠፈር ለብዙ ዓመታት በጽዳት (ኒካዮን) ሥራ ሠርተዋል። ሥራው የሚጀመረው በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከጧቱ 6 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ በጊዜው ያደርሳቸው ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ የአውቶቡሱ መነሻ በ25 ደቂቃ ዘገየ። ሃያ አምስት ደቂቃ ለቢሮ ሰው ቡና መጠጫ ናት፤ ለእርሳቸው ግን እንጀራቸው ነበረች። ለጥቂት ሳምንታት ከሁለት የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ገንዘብ እያዋጡ በታክሲ ሄዱ። የታክሲው ዋጋ ከቀን ደመወዛቸው ላይ ሲነሣ ግን የሚተርፈው ለምንም አልበቃ አለ። ታክሲውን ሲተዉ ማርፈድ መጣ፤ ማርፈድ ሲበዛ ደግሞ ተቋራጩ (ቃብላኑ) በቦታቸው ሌላ ሰው ቀጠረ። ወደ እኔ ሲመጡ «ልጄ፣ እኔ ሥራ አልጠላሁም፤ የጠላኝ አውቶቡሱ ነው» አሉኝ።

እኔም በዚያ ቀን ፋይል ስከፍትላቸው «ሥራ ያጡ» ብዬ ጻፍሁ። በቅጹ ላይ «አውቶቡስ ያጡ» የሚል ቦታ የለምና።

ከዚያም አቤቱታ ጀመርሁ። አንዱ ቢሮ «እኛ አውቶቡሱን እንነዳለን እንጂ ሰዓቱን አንወስንም» አለኝ። ሁለተኛው «እኛ ፌርማታውን እናሠራለን እንጂ መቼ ምን እንደሚቆምበት አናዝዝም» አለኝ። ሦስተኛው «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አለኝ። ከስምንት ወር በኋላ ሰዓቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሲለወጥ ምክንያቱን የነገረን እንደሌለ ሁሉ፣ ሲመለስም የነገረን የለም። እናቲቱ ግን ወደ ሥራቸው አልተመለሱም።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ያመጣሁት አንድን ቢሮ ለመክሰስ አይደለም። ሦስቱም ቢሮዎች የነገሩኝ እውነታቸውን ነው። ችግሩ የሥልጣኑ አከፋፈል ነውና እርሱን ጠጋ ብለን እንመልከት።

በእስራኤል ሕግ መሠረት የአውቶቡስ መስመር የሚፈቅደው፣ የመነሻ ሰዓቱን የሚያጸድቀው፣ ኩባንያዎቹን በጨረታ የሚመርጠው፣ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ሆኖም ዋጋውን የሚተምነው የመጓጓዣ ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃታሕቡራ) ነው። ከትኬት የሚሰበሰበው ገንዘብ ወጪውን ስለማይሸፍን የቀረውን መንግሥት ይደጉማል። የሕጉ መነሻ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የወጣ ድንጋጌ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 አዲስ ቅርጽ ተሰጥቶታል። ማዘጋጃ ቤት (ዒሪያ) የፌርማታውን መጠለያ፣ የእግረኛውን መንገድ፣ በከተማው ውስጥ ያለውን የመንገድ ምልክት ይመለከታል። አውቶቡሱን በሚመለከት ግን ከንቲባው መጠየቅ እንጂ ማዘዝ አይችሉም። እርሳቸውም እንደ እኔው ደብዳቤ ጸሐፊ ናቸው ማለት ነው፤ የእርሳቸው ደብዳቤ ማኅተም አለው እንጂ።

ቀድሞ ነገሩ በሌላ መልክ ነበር። በ1933 የተመሠረተው ኤጌድና በ1945 የተመሠረተው ዳን የሾፌሮች የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ነበሩ። የአውቶቡሱ ጌቶች አባል ሾፌሮቹ ራሳቸው ነበሩ። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሩን አውቶቡስ ከሞላ ጎደል የያዙት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ መስመሮቹ በየአካባቢው እየተከፈሉ በጨረታ ለልዩ ልዩ ኩባንያዎች ተሰጡ፤ የሚኒስቴሩም እጅ በረታ። በመጀመሪያ ተራው የሾፌሮቹ ነበር፤ ቀጥሎ የሚኒስቴሩና የኩባንያዎቹ ሆነ። የተሳፋሪው ተራ መቼ ይሆን የሚደርሰው?

እኛ ደግሞ ከዚህ ጉዳይ የራቅንበት ሌላ ምክንያት አለን። በጎንደር ገጠር ሳለን መጓጓዣችን እግራችንና በቅሏችን ነበር። በእግሩ የሚሄድ ሰው የመነሻ ሰዓቱን ራሱ ይቆርጣል፤ ወንዝ ካልሞላበት በቀር የሚያግደው የለም። እኔ በልጅነቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደዚህ አገር ስመጣ፣ አንድ ሰው በቢሮው ተቀምጦ የሺህ ሰዎችን መነሻ ሰዓት ይወስናል ብሎ ያሰበ በቤታችን አልነበረም። ዛሬም ብዙዎቹ አረጋውያኖቻችን የአውቶቡስን መዘግየት እንደ ዝናብ መዘግየት ያዩታል። ከላይ የመጣ እንጂ ሰው የፈረመበት አይመስላቸውም። አውቶቡስ ግን ዝናብ አይደለም። የፈረመበት ሰው አለ።

የሚፈርመው ማን እንደሆነ በጉልህ የታየበትን አንድ ሳምንት ላስታውሳችሁ። በመስከረም 2016 መጀመሪያ (በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር) የእስራኤል ምድር ባቡር በሰንበት ሊሠራው ያቀደው የጥገና ሥራ ነበር። የሃይማኖት ፓርቲዎች ተቃወሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቢንያሚን ኔታንያሁ በዓርብ ዕለት ሥራው እንዲቆም አዘዙ። ሥራው ከሰንበት መውጫ በኋላ እንዲሠራ ስለተደረገ በእሑድ፣ ማለትም የሥራ ሳምንት በሚጀመርበት ቀን፣ በሐይፋና በቴል አቪቭ መካከል ባቡር ቆመ። ሐዴራ ያለችው በዚያው መስመር ላይ ነው። ወደ ጦር ሠፈራቸው የሚመለሱ ወታደሮችና ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩና በጊዜው የመጓጓዣ ሚኒስትር የነበሩት ይስራኤል ካትስም በአደባባይ ተካሰሱ። ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት (ባጋጽ) ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደለም አለ። በሰንበት ለመሥራት ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በሕጉ የሥራ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነውና።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣኑ የእኔ ነው ብለው ካሰቡና ካልሆነ፣ የሐዴራ ተሳፋሪ ማንን እንዲጠይቅ እንጠብቃለን?

ስለ ሰንበት ስጽፍ እጄ ይከብዳል። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ሰንበትን እንዴት ባለ ጥንቃቄ ያከብሩ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። ዛሬ ሰንበት ይሻር ወይም ይጠበቅ ብዬ ልከራከር አልተነሣሁም። የማነሣው ሰንበት ከወጣ በኋላ ስላለው ምሽት ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነች የአረጋውያን ተንከባካቢ ሰንበትን አክብራ ውላ ማታ ወደ ሥራዋ መሄድ አለባት። አውቶቡሱ ዘግይቶ ሲጀምር የተቀጣችው ሰንበትን ያከበረችው ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰዓቱን በሚቆርጠው ጠረጴዛ ዙሪያ ቢኖር ኖሮ መፍትሔው ቀላል በሆነ ነበር።

ሥልጣኑ በአንድ ሚኒስትር እጅ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለው። ሚኒስትር ይለዋወጣል። ይስራኤል ካትስ ከ2009 እስከ 2019 በቦታው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ግን በ2019 ቤጻልኤል ስሞትሪች፣ በ2020 ሚሪ ሬጌቭ፣ በ2021 ሜራቭ ሚካኤሊ፣ በ2022 መጨረሻ ደግሞ እንደገና ሚሪ ሬጌቭ ያዙት። በአራት ዓመት ውስጥ ወንበሩ አራት ጊዜ ተለዋወጠ። በነሐሴ 2022 ሜራቭ ሚካኤሊ አዲስ የዋጋ ሥርዓት አወጡ፤ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለ ጉዞ 5 ሸቅል ተኩል ሆነ። በ2025 ደግሞ በሚሪ ሬጌቭ ጊዜ ሥርዓቱ ተለወጠና የዚያው ጉዞ ዋጋ 8 ሸቅል ደረሰ፤ ቅናሽ የሚያገኙት ሰዎች ዝርዝርም ተቀየረ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። እኔ በሥራዬ የማየው ግን አንዲት አሮጊት የመጀመሪያውን ሥርዓት ተረድተው ሳይጨርሱ ሁለተኛው መምጣቱን ነው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለሾፌር በጥሬ ገንዘብ መክፈል በቀረ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ራቭ ካቭ ካርዱን የሚሞላላቸው ልጅ አጠገባቸው የሌለ ሰዎች ከቤት መውጣት ፈሩ።

«እንግዲያው ሥልጣኑን ከኢየሩሳሌም አንሥተን ለከንቲባዎች እንስጥ» የሚሉ አሉ። ምሳሌያቸው ቴል አቪቭ ናት። በኅዳር 2019 የቴል አቪቭ ያፎ ማዘጋጃ ቤት ከጊቫታይም፣ ከራማት ሃሻሮንና ከኪሪያት ኦኖ ጋር ሆኖ በሰንበት የሚሠሩ አውቶቡሶችን በራሱ ገንዘብ አሰማራ። ጉዞው ነጻ ነበር። ነጻ የሆነው ግን ከቸርነት ብቻ አልነበረም። ተሳፋሪ አስከፍሎ በመስመር መጫን የሚኒስቴሩን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ነው። ሰንበትን በሚመለከት የሚስማማ ይስማማ፣ የሚቃወም ይቃወም። ለእኛ ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ገንዘብ ያለው ከተማ የሚኒስቴሩን በር ሳያንኳኳ የራሱን አውቶቡስ አቆመ።

ሐዴራ ግን ቴል አቪቭ አይደለችም። ብዙ ደሃ ነዋሪ ያለባቸው ከተሞች ይህን ከየት ያመጣሉ? ሥልጣኑ ብቻ ለከንቲባ ቢሰጥና ገንዘቡ ባይሰጥ፣ ባለጠጋው ከተማ ብዙ አውቶቡስ ይኖረዋል፤ የእኛ ሠፈሮች ደግሞ ባዶ ፌርማታ ይዘው ይቀራሉ። ከዚህም በላይ ከንቲባም ሰው ነው። ድምፅ የሚበዛበትን ሠፈር ያስቀድማል። ጊቫት ኦልጋን ተመልከቱ። በባሕሩ ዳር፣ ከቀረው ከተማ በአውራ ጎዳና ቁጥር 2 ተለይታ ተቀምጣለች። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ወይም ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው በእግሩ ልግፋው ቢል ቀላል አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠፈር አውቶቡስ የምርጫ ስጦታ ሳይሆን መብት መሆን አለበት። ለሚኒስቴሩም ፍርድ እንስጠው፤ አንድ ራቭ ካቭ ካርድ በኩባንያዎቹ ሁሉ አውቶቡስና በባቡር የሚሠራው ማዕከላዊ አዛዥ ስላለ ነው።

ደግሞስ ቀደም ሲል የነገርኋችሁ እናት የሚሠሩት ከሐዴራ ወሰን ውጭ ነበር። የሐዴራ ከንቲባ ብቻ ቢያዝ እንኳ አውቶቡሱ በከተማው ዳርቻ አራግፏቸው ይመለስ ነበር። ሰው የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና የሚታከምበት ቦታ የማዘጋጃ ቤትን አጥር አያውቅም።

በዓለም ላይ ይህን ችግር ያዩ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ከ1986 ጀምሮ ከለንደን በቀር በሌሎቹ ከተሞች ኩባንያዎች መስመሩንና ዋጋውን በራሳቸው እንዲወስኑ ተፈቅዶ ነበር። ትርፍ ያለበት መንገድ አውቶቡስ በዛበት፤ ትርፍ የሌለበት ተረሳ። በ2017 የወጣ ሕግ ለአካባቢ ከንቲባዎች ሥልጣን ሰጠ። ማንችስተርና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች አንድ ላይ ሆነው ከመስከረም 2023 ጀምሮ አውቶቡሶቻቸውን ደረጃ በደረጃ ወደ ሕዝብ ቁጥጥር መለሱ፤ በጥር 2025ም ጨረሱ። መኪናውን የሚነዱት አሁንም ኩባንያዎች ናቸው። መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን የሚወስነው ግን የአካባቢው የጋራ ባለሥልጣን ነው። ተሳፋሪው ሲከፋው በምርጫ የሚጠይቀው ሰው አለው።

በእኛም አገር የከተሞች የጋራ የመጓጓዣ ባለሥልጣን ይቋቋም የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን አንድ ስጋት አለኝ። ስለዚህ ነገር ሲወራ የሚጠሩት አራቱ ትላልቅ ከተሞች፣ ቴል አቪቭ፣ ኢየሩሳሌም፣ ሐይፋና ብኤር ሼቫ ናቸው። ሐዴራ የት ትግባ? ከሐይፋም ከቴል አቪቭም እኩል ያህል ትርቃለች። በአስተዳደር ከሐይፋ ወረዳ ናት፤ ብዙ ሠራተኞቿ ግን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በሁለት ትላልቅ ድስቶች መካከል ያለች ትንሽ ጀበና እሳቱ እንዳይደርሳት እሰጋለሁ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ገንዘቡና የደኅንነቱ ቁጥጥር በመንግሥት እጅ ይቆይ። መንግሥት ግን ዝቅተኛውን ግዴታ በሕግ ይጻፍ። ከየሠፈሩ የጧት ሥራ ሳይጀመር የሚያደርስ አውቶቡስ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መስመር፣ ሰንበት እንደወጣ የሚነሣ ጉዞ መኖር አለበት። በሕግ ከተጻፈ ሚኒስትር ሲለወጥ አይለወጥም።

ሁለተኛ፣ መስመሩንና ሰዓቱን የአካባቢው የጋራ ባለሥልጣን ይወስን። ለእኛ አካባቢ ይህ ማለት ሐዴራ ከኦር አኪቫ፣ ከፓርዴስ ሐና ካርኩር፣ ከሐሪሽ፣ እንዲሁም ከባቃ አል ጋርቢያና ከጂስር አል ዛርቃ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ትቀመጥ ማለት ነው። አይሁዱም ዓረቡም በአንድ መንገድ ላይ ነው የሚጓዘው፤ በዚያው ፋብሪካ በር ላይም ይገናኛል።

ሦስተኛ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለተሳፋሪዎች ወንበር ይኑር፤ ድምፅ ያለው ወንበር። ሰዓት ሲለወጥ ቀደም ብሎ በፌርማታው ላይ፣ በዕብራይስጥ ብቻ ሳይሆን በዓረብኛ፣ በሩሲያኛና በአማርኛም ይለጠፍ።

አራተኛ፣ ሚኒስትሩ የአገሩን አቅጣጫ ያውጡ፤ የባቡር ሐዲዱንና ትላልቆቹን መንገዶች ያሠሩ። የአንድ ሠፈር የጧት አውቶቡስ ግን የሚኒስትር ሥራ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ሲባል የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። በየካቲት 2024 በተደረገው የከተሞች ምርጫ ጊዜ እኔ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ወገኖቻችን ስለ ጸሎት ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ መኖሪያ ቤት ጠየቁ። መልካም ነው። ስለ አውቶቡስ ግን አንድም ሰው ሲጠይቅ አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም። ከስብሰባው በኋላ ግን ግማሾቻችን ፌርማታ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነበር።

ማድረግ እንደምንችል ግን በየዓመቱ እናሳያለን። ለስግድ በዓል ከየከተማው ማልደው ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡትን አውቶቡሶች አስቡ። ማን እንደሚመዘገብ፣ ከየት እንደሚነሣ፣ ሽማግሌዎች የት እንደሚቀመጡ እናውቃለን። አስቀድመን እንጠይቃለን፣ እንሰበሰባለን፣ እናስፈጽማለን። ለአንድ ቀን የምናውቀውን ለቀሩት ቀኖች መተው የለብንም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ትንሽ ነገር እጠይቃችኋለሁ። አውቶቡስ ሲቀርባችሁ ወይም ሲዘገይባችሁ የመስመሩን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ እንዲሁም በፌርማታው ምልክት ላይ የተጻፈውን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። አንድ ሰው ሲያማርር ምሬት ይባላል፤ ሠላሳ ሰው ቀንና ሰዓት ጽፎ ሲያቀርብ ግን ማስረጃ ነው። ቅጂውን ለኩባንያው፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለሚኒስቴሩ ላኩ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲደርሳቸው አንዱ ወደ ሌላው ለመላክ ይቸገራል።

እኒያ እናት አሁን በሳምንት ሦስት ቀን በሠፈራቸው አቅራቢያ፣ በእግራቸው በሚደርሱበት ቦታ ይሠራሉ። ደመወዙ ከቀድሞው ያነሰ ነው። በቅርቡ ሳገኛቸው «አሁን ሰዓቴን የምቆርጠው እኔው ነኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በ25 ደቂቃ ምክንያት የጠፋውን ገቢ የሚተካላቸው የለም። ያን ሰዓት የፈረመው ሰውም እኒህ እናት በዓለም ላይ መኖራቸውን አያውቅም። የመጓጓዣውን ሥልጣን ማን ይያዝ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ሲፈርም ማንን እንደሚነካ የሚያውቅ፣ ሲሳሳትም በሩን ልናንኳኳ የምንችለው ሰው ይያዘው።

ቸር ሰንብቱ።